ወቅትና የቀን ርዝመት ለምን ይለዋወጣል? በአምፖልና በኳስ ሠርተን እንየው

«ለፀሐይ ስንቀርብ ይሞቃል፣ ስንርቅ ይበርዳል።» ወቅት ለምን ይቀያየራል ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው የሚመልስላችሁ ይሄንን ነው። ለጆሮ ይጥማል፣ ለመናገርም ቀላል ነው። ግን ስህተት ነው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ ሰሜኑ የዓለም ክፍል በብርድ ይንቀጠቀጣል። በጣም የምትርቀው ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ሰሜኑ ላብ በላብ የሚሆነው ያን ሰሞን ነው።

ቁጥሩን እንየው። ስትቀርብ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ስትርቅ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ልዩነቱ 3 በመቶ አካባቢ ነው፤ በሚደርሰን ብርሃን ላይ 7 በመቶ ያህል ለውጥ ያመጣል። ዜሮ አይደለም፣ ግን ወቅት የሚያክል ነገር አይፈጥርም። ደግሞ ነገሩ የርቀት ቢሆን ኖሮ ሰሜኑም ደቡቡም አብረው በሞቁ፣ አብረውም በበረዱ ነበር። እውነታው ግን አንዱ ሲሞቅ ሌላው ይበርዳል። እዚህ ላይ የርቀቱ ነገር አበቃ።

ለዚህ ስህተት ግማሹን ጥፋት የምሰጠው ለመማሪያ መጻሕፍት ሥዕሎች ነው። የምድር ምህዋር እንደ እንቁላል ተለጥጦ ይሳላል። ሠዓሊው ከጎን እያየ ስለሳለው ነው እንጂ ምህዋሩ እንደዚያ ሆኖ አይደለም። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ወረቀት ላይ በትክክለኛ ልኩ ብትስሉት፣ ቁመቱና ወርዱ የሚለያዩት ከፀጉር ውፍረት ባነሰ መጠን ነው። ዓይን ክብ ነው ብሎ ያልፈዋል። ፀሐይ ብቻ ከመሀሉ ወደ አንድ ጎን 1.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ፈቀቅ ብላ ትቀመጣለች።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? የምድር ዛቢያ፣ ማለትም ምድር በራሷ ላይ የምትሽከረከርበት ከዋልታ ዋልታ የሚያልፍ ምናባዊ መስመር፣ ዘንበል ማለቱ ነው፣ በ23.4 ዲግሪ። ይሄንንም ብዙ ሰው ሰምቶታል። የሚረሳው ሁለተኛው ግማሽ ነው፦ ምድር ፀሐይን ስትዞር ዛቢያዋ የሚያዘነብልበት አቅጣጫ አይለወጥም። ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ኮከብ እንደጠቆመ ነው የሚዞረው። ወቅትም፣ የቀን መርዘምና ማጠርም የሚመጣው ከዚህ ነው። ቃሉን መሸምደድ ይቻላል፤ ነገሩ የሚገባው ግን በእጅ ሲሠራ ነው፣ ስለዚህ እንነሳ።

የሚያስፈልገው

ዙሪያውን የሚያበራ፣ ሽፋን የሌለው አምፖል። ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚያበራ መብራት አይሆንም። ሊበሳ የሚችል ኳስ፣ ስፖንጅም ይሁን ስስ ፕላስቲክ። በኳሱ መሀል ለመሀል የሚያልፍ ቀጭን እንጨት። ማርከር፣ ፕሮትራክተር፣ እና የሚጨልም ክፍል። በቃ።

እንጨቱን በኳሱ መሀል አሳልፉት። ከላይ የወጣው ሰሜን ዋልታ፣ ከታች የወጣው ደቡብ ዋልታ ነው። በሁለቱ እኩል መሀል ኳሱን ዙሪያውን አስምሩ፤ ይሄ የምድር ወገብ ነው። አሁን ነጥብ እናድርግ። አንድ ነጥብ ወገቡ ላይ። አንድ በ40 ዲግሪ ሰሜን፣ ማለትም ከወገቡ እስከ ዋልታው ካለው መንገድ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ። አንድ ደግሞ ዋልታው አጠገብ። በደቡብ በኩልም እንደዚያው አድርጉ።

ማዘንበሉ ላይ ተጠንቀቁ። 23.4 ዲግሪ የሚለካው ቀጥ ብሎ ከቆመው መስመር ነው፣ ከጠረጴዛው አይደለም። ፕሮትራክተሩን ጠረጴዛ ላይ ካቆማችሁት እንጨቱ 67 ዲግሪ አካባቢ ላይ ማረፍ አለበት። 23 ላይ ካሳረፋችሁት ምድርን አስተኝታችኋታል ማለት ነው፣ እንደ ዩራነስ።

የአምፖሉ ከፍታም ከኳሱ መሀል ጋር እኩል ይሁን። አምፖሉ ከፍ ካለ ሰሜኑ ሁልጊዜ ብርሃን ይበዛለታል፣ ሙከራው ሁሉ ገደል ይገባል። ይሄ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ብዙ ጊዜ ሙከራውን የምታበላሸው እሷ ናት።

ዙሩን መጀመር

ከክፍሉ አንድ ግድግዳ ምረጡ። የእንጨቱ ጫፍ ሁልጊዜ ወደዚያ ግድግዳ ያዘንብላል። ልብ በሉ፣ ግድግዳው ላይ ያለች አንዲት ነጥብን አነጣጥሩ አላልኩም። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አንዲት ነጥብን ስትከተሉ እጃችሁ ሳታውቁት ይዞራል። ሰሜን ኮከብ እጅግ ሩቅ ስለሆነ ለእውነተኛዋ ምድር ይሄ ችግር የለም። እኛ ግን አቅጣጫውን ብቻ እንጠብቅ።

አሁን አምፖሉ በእናንተና በተመረጠው ግድግዳ መካከል እንዲሆን ቁሙ። የእንጨቱ ጫፍ ወደ ግድግዳው ሲያዘነብል ወደ አምፖሉም አዘነበለ ማለት ነው። ይሄ ሰኔ 14 አካባቢ ነው፣ በፈረንጆቹ ጁን 21። እንጨቱን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ፣ ከላይ ሲታይ የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒ። አንድ ዙር አንድ ቀን ነው። የ40 ዲግሪዋን የሰሜን ነጥብ በዓይናችሁ ተከተሏት። በብርሃኑ ውስጥ የምትቆየው በጨለማው ውስጥ ከምትቆየው ይበልጣል። ዋልታው አጠገብ ያለችው ነጥብማ ጭራሽ ከብርሃን አትወጣም። ደቡብ ዋልታ አጠገብ ያለችው ደግሞ የቱንም ያህል ብታሽከረክሯት ብርሃን አታገኝም። የወገቡ ነጥብ ግማሽ በግማሽ ነው።

ከዚያ አምፖሉን በስተግራ አድርጋችሁ፣ አሁንም ከላይ ሲታይ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ፣ ሩብ ዙር ሂዱ። እንጨቱ አሁንም ወደዚያው ግድግዳ ያዘነብላል፣ ግን ለአምፖሉ ጎኑን ሰጥቷል፤ ወደ እሱም አላዘነበለ፣ ከእሱም አልራቀ። የብርሃንና የጨለማው ድንበር በሁለቱም ዋልታዎች ላይ ያልፋል። ብታሽከረክሩት ሁሉም ነጥቦች ግማሽ ብርሃን፣ ግማሽ ጨለማ ያገኛሉ። መስከረም 12 ወይም 13 አካባቢ ነን።

ሌላ ሩብ ዙር። አሁን እናንተ በአምፖሉና በግድግዳው መሀል ናችሁ፣ እንጨቱም ከአምፖሉ ሸሽቷል። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ነው። ሰሜኑ አጭር ቀን፣ ደቡቡ ረጅም ቀን አለው። ሁሉ ነገር የሰኔው ግልባጭ ነው። የመጨረሻው ሩብ መጋቢት 11 አካባቢ ያደርሳችኋል፣ እንደገና እኩል በእኩል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። አምፖሉን ሲዞሩ ፊታቸውን ወደ አምፖሉ እንዳደረጉ ነው የሚሄዱት፣ እጃቸውም አብሮ ይዞራል፣ እንጨቱም ዓመቱን ሙሉ ወደ አምፖሉ እንዳዘነበለ ይቀራል። ሆን ብላችሁ አንድ ዙር እንደዚያ ሞክሩት። ሰሜኑ ሁልጊዜ ሙቀት፣ ደቡቡ ሁልጊዜ ብርድ ይሆናል፣ ወቅት የሚባል ነገር የለም። ከዚያ እንጨቱን ቀጥ አድርጋችሁ ሌላ ዙር ሂዱ። አሁንም ወቅት የለም፣ የትም ቦታ ቀን ከሌሊት እኩል ነው። ጁፒተር የምታዘነብለው 3 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ወደዚህ ትቀርባለች። ማርስ ግን 25 ዲግሪ ታዘነብላለች፤ የእሷ ዓመት 687 ቀን ስለሆነ ወቅቶቿ የኛን እጥፍ ያህል ይረዝማሉ። ቅድም ያነሳናት ዩራነስ 98 ዲግሪ አዘንብላ በጎኗ እንደተኛች ነው የምትዞረው፣ ዋልታዋም በየተራ ለ42 ዓመት ብርሃን ለ42 ዓመት ጨለማ ያገኛል።

ረጅም ቀን ብቻውን አያሞቅም

ቀኑ መርዘሙ ግማሽ ታሪክ ነው። ሌላው ግማሽ ብርሃኑ የሚያርፍበት ማዕዘን ነው። ለዚህ የእጅ ባትሪና ባለካሬ ወረቀት በቂ ናቸው። ባትሪውን ከወረቀቱ በላይ በቀጥታ ያዙና የብርሃኑን ጠርዝ በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ ርቀቱን ሳትቀይሩ ብርሃኑ ከወረቀቱ ገጽ ጋር የ30 ዲግሪ ማዕዘን ሠርቶ ገደድ ብሎ እንዲያርፍ ወረቀቱን አዘንብሉት። አሁንም አስምሩ። ካሬዎቹን ስትቆጥሩ ሁለት እጥፍ ገደማ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ብርሃኑ ያው ነው፣ ቦታው ግን እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ እያንዳንዷ ካሬ የሚደርሳት ግማሹ ነው።

የእኩለ ቀን ፀሐይ ከፍታን ለማወቅ የሚከብድ ሒሳብ የለውም። የቦታውን ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ስንት ዲግሪ እንደሚርቅ) እና ፀሐይ በዚያ ቀን በአናት ላይ የምትውልበትን ኬክሮስ ውሰዱ። ልዩነታቸውን ከ90 ቀንሱ። በሰኔ 14 ፀሐይ በአናት የምትውለው 23.4 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። ለ40 ዲግሪ ሰሜን ልዩነቱ 16.6 ነው፣ ስለዚህ ከፍታዋ 73.4 ዲግሪ ይሆናል። በታኅሣሥ 12 በአናት የምትውለው 23.4 ዲግሪ ደቡብ ላይ ነው። ልዩነቱ 63.4፣ ከፍታዋ 26.6 ብቻ። በዚህ ማዕዘን እኩለ ቀን ላይ እንኳ አንድ ካሬ ሜትር መሬት የሚደርሰው ከሰኔው ግማሽ ያነሰ ነው። ቀኑም ከ15 ሰዓት ወደ 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አካባቢ ይወርዳል። ሁለቱ ተደራርበው ነው ብርዱን የሚያመጡት። ገደድ ብሎ የሚመጣ ብርሃን የሚያቋርጠው አየርም ስለሚበዛ መንገድ ላይ ሌላ ይቀንሳል።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ሰኔ 14 ሰሞን ሰሜን ዋልታ ፀሐይ ስለማይጠልቅበት፣ ከከባቢ አየር በላይ ብንለካ በ24 ሰዓት የሚደርሰው ብርሃን ከምድር ወገብ ይበልጣል። ግን አይሞቅም። ብርሃኑ ገደድ ብሎ ብዙ አየር አቋርጦ ነው የሚመጣው፣ በረዶው ደግሞ አብዛኛውን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል፣ የቀረውም በረዶ በማቅለጥ ያልቃል።

የቀናችሁን ርዝመት በስልክ ማስላት

የስልካችሁን ካልኩሌተር ወደ ሳይንሳዊው ገጽ ቀይሩት፣ ዲግሪ ላይ መሆኑንም አረጋግጡ። የቦታችሁን ኬክሮስ ታንጀንት በ23.4 ታንጀንት አባዙ። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርጉና የኮሳይን ግልባጩን (ካልኩሌተሩ ላይ cos⁻¹ የሚለውን) ውሰዱ። የመጣውን በ2 አባዝታችሁ ለ15 አካፍሉ። የምታገኙት የረጅሙ ቀናችሁ ሰዓት ነው። ለ40 ዲግሪ እንሞክር፦ 0.839 ሲባዛ በ0.433 ይሆናል 0.363። የመቀነስ 0.363 ግልባጭ ኮሳይን 111.3። በ2 ሲባዛ 222.6፣ ለ15 ሲካፈል 14.84። 14 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። አጭሩን ቀን ለማግኘት ከ24 መቀነስ ነው።

የአየር ሁኔታ መተግበሪያችሁ ግን 15 ሰዓት ይላችኋል። እሱም ልክ ነው፣ እናንተም ልክ ናችሁ። አየር ብርሃንን ስለሚያጥፍ ፀሐይ ከአድማስ በታች ሆና እያለች ትታየናለች። በዚያ ላይ ፀሐይ ወጣች የሚባለው የላይኛው ጠርዟ ብቅ ሲል ነው፣ መሀሏ እስኪወጣ አይጠበቅም። ለዚህ ነው ምድር ወገብ ላይ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ገደማ የሚሆነው። እኩል ነው በሚባለው ቀንም ቢሆን ብርሃኑ ጥቂት ደቂቃ ይበልጣል።

በ10 ዲግሪ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። በ60 ዲግሪ ላይ ግን ረጅሙ ቀን ወደ 19 ሰዓት ይጠጋል፣ አጭሩ 6 ሰዓት አይሞላም። 70 ዲግሪ አስገቡና እዩ። ካልኩሌተሩ ስህተት ነው ብሎ ይጮህባችኋል። አልተሳሳታችሁም፤ ፀሐይዋ አትጠልቅም ማለት ነው። ይሄ የሚጀምረው ከ66.6 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከ90 ላይ 23.4 ሲቀነስ።

ለውጡ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ፍጥነት አይሄድም። በመስከረምና በመጋቢት አጋማሽ አካባቢ ይሮጣል፤ በ40 ዲግሪ ላይ በየቀኑ ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ። በሰኔና በታኅሣሥ አጋማሽ ግን የቆመ ይመስላል።

የምድርን ማዘንበል ከግቢ መለካት

ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ቀጥ ያለ 1 ሜትር እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ ትከሉ። ቀጥ ማለቱን በቱምቢ፣ ከሌለ በክር ላይ በተንጠለጠለ ድንጋይ አረጋግጡ። ከእኩለ ቀን በፊትና በኋላ በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርጉ። ከሁሉም ያጠረው ጥላ እውነተኛው እኩለ ቀን ነው። ሰዓታችሁ ያኔ ልክ 6 ሰዓት ላይሆን ይችላል። የሰዓት ክልሎች ሰፊ ናቸው፣ ፀሐይም ራሷ በጥቅምት መጨረሻ እስከ 16 ደቂቃ ትቀድማለች፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ እስከ 14 ደቂቃ ትዘገያለች።

የጥላውን ርዝመት ለእንጨቱ ርዝመት አካፍሉና የታንጀንት ግልባጩን (tan⁻¹) ውሰዱ። ፀሐይ ከአናታችሁ ስንት ዲግሪ እንደራቀች ታገኛላችሁ። ቁጥሩን ከቀኑና ጥላው ከወደቀበት አቅጣጫ ጋር ጻፉ፣ ወደ ሰሜን ወይስ ወደ ደቡብ። በሰኔና በታኅሣሥ ጥላው በአንድ በኩል ከወደቀ ሁለቱን ቁጥሮች ቀንሱ። ወዲህና ወዲያ ከወደቀ ደምሩ። የመጣውን ለ2 ስታካፍሉ 23.4 ወይም ለእሱ የቀረበ ቁጥር ይወጣል። በአንድ እንጨትና በአንድ ሜትር የምድርን ማዘንበል ለካችሁ፣ ቀልድ አይደለም። በመስከረምና በመጋቢት እኩል ቀኖች የምትለኩት ደግሞ በቀጥታ ኬክሮሳችሁን ይሰጣችኋል።

ከወገቡ በሁለቱም በኩል በ23.4 ዲግሪ ውስጥ ያለ ሰው ፀሐይን በዓመት ሁለቴ አናቱ ላይ ያገኛታል፣ ያኔ የእንጨቱ ጥላ ይጠፋል። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተነሳው ከዚህ ነበር። በሰየኔ፣ በዛሬዋ አስዋን፣ በረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥላ የለም። በእስክንድርያ ግን ፀሐይ ከአናት 7.2 ዲግሪ ትርቃለች፣ የክብ 50ኛ እጅ ማለት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በ50 አባዝቶ የምድርን ዙሪያ ገመተ።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ የሚመጡ ጥያቄዎች

ረጅሙ ቀን ሰኔ 14 ከሆነ ሰሜኑ በጣም የሚሞቀው ለምን ከዚያ በኋላ ነው? ባሕሩና መሬቱ ቶሎ አይሞቁም። የሚገባው ሙቀት ከሚወጣው እስከበለጠ ድረስ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል፣ ቀኑ ማጠር ከጀመረም በኋላ።

ወገብ አካባቢ ታዲያ ወቅት የለም? አለ፣ ግን የሚለየው በዝናብ ነው። ፀሐይ በአናት በምትውልበት አካባቢ የሞቀ አየር ይነሳል፣ ዝናብ ያመጣል። ያ የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል፣ ትንሽ ዘግየት እያለ።

ርቀቱስ ምንም ሥራ የለውም? አንድ አለው። ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች። ካሌንደር ላይ ቁጠሩ፦ ከመጋቢት 11 እስከ መስከረም 12 ድረስ 186 ቀን ገደማ ነው፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ግን 179 ያህል።

የጥላ ልኬቱን በተመለከተ፣ ሰኔ 14 ቢደምን አትጨነቁ። 5 ቀን ቀደም ወይም ዘግየት ብላችሁ ብትለኩ ልዩነቱ ከ0.1 ዲግሪ በታች ነው፣ የእጃችሁ ስህተት ከዚያ ይበልጣል። ለታኅሣሡም እንደዚያው። የመስከረሙና የመጋቢቱ ግን አንድ ቀን ቢያልፋችሁ 0.4 ዲግሪ ያሳስታችኋል፤ ከዋዜማውና ከማግስቱ ለክታችሁ መሀሉን ውሰዱ።